የዳይኖሰር ገበያ፤ ፕላስቲኩ ርካሽ፣ ዕውቀቱ ውድ

ዳይኖሰሮች ከምድር ገጽ ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ቢያልፋቸውም በመጫወቻ ገበያ ግን ዛሬም በሕይወት አሉ፡፡ የመጫወቻ ነጋዴ ወቅቱ ያልፍበታል ብሎ ብዙ የማይሰጋለት ዕቃ ቢኖር ዳይኖሰር ነው፡፡ የካርቱን ጀግና በሁለትና በሦስት ዓመት ይረሳል፡፡ ዳይኖሰርን ግን አራትና አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ እንደ አዲስ ያገኘዋል፡፡ ከልጆቹ ሌላ ደግሞ መደርደሪያ አሠርተው የሚሰበስቡ፣ አዲስ የወጣውን መጽሐፍ የሚያሳድዱ፣ ከመሰሎቻቸው ጋር የሚለዋወጡና ስለ አንድ ጅራት አቀማመጥ ሲከራከሩ የሚያመሹ አዋቂዎች አሉ፡፡

ገበያውን ለማያውቅ ሰው ግራ የሚያጋባው ዋጋው ነው፡፡ በመዳፍ ላይ የሚያርፉ ሁለት ዳይኖሰሮች እንውሰድ፡፡ ክብደታቸው ተቀራራቢ ነው፡፡ የሁለቱም ፕላስቲክ አንድ ዓይነት ነው፤ የተመረቱትም ቻይና ነው፡፡ አንደኛው ከአሥራ አንድ ወንድሞቹ ጋር በላስቲክ ከረጢት ታስሮ ይሸጣል፡፡ ሁለተኛው ለብቻው ቆሞ የከረጢቱን ዋጋ ብዙ እጥፍ ያወጣል፡፡ ለመሆኑ ልዩነቱ ከየት መጣ? ቀለም አቀባቡ የራሱ ድርሻ አለው፡፡ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው፡፡ በዚህ ገበያ የሚሸጠው ስለ እንስሳው የታወቀው ነገር ነው፤ ፕላስቲኩ ያንን መያዣ ዕቃ ብቻ ነው፡፡ ይኸው ሕግ ከከረጢቱ ጀምሮ በሚሊዮን ዶላር እስከሚሸጠው እውነተኛ አጥንት ድረስ ይሠራል፡፡ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ከረጢቱ

መርካቶ ውስጥም ሆነ በየሰፈሩ የስጦታ ዕቃ መደብር የሚገኘው ከቻይና የሚመጣው የከረጢት ዳይኖሰር ነው፡፡ ለልጅ መጫወቻነት አይናቅም፡፡ ገዥው ማወቅ ያለበት ግን በከረጢቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዳይኖሰር አለመሆኑን ነው፡፡ በጀርባው ላይ ሸራ የዘረጋው ዲሜትሮዶን የመጀመሪያው ዳይኖሰር ከመታየቱ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ቀድሞ የጠፋ፣ ለእኛ ለአጥቢዎች የሚቀርብ እንስሳ ነው፡፡ ክንፍ ያለው ፕቴራኖዶንም ዘመዳቸው እንጂ ዳይኖሰር አይደለም፡፡ አንዳንዱ ከረጢት ደግሞ ከየትኛውም አጥንት ጋር የማይገናኝ፣ አምራቹ ከራሱ ያፈለቀው ፍጡር ይጨመርበታል፡፡

ይህ የመጨረሻው ዓይነት አንድ ጊዜ ያልታሰበ ትርፍ አስገኝቷል፡፡ በ1970ዎቹ አሜሪካዊው የጨዋታ ፈጣሪ ጋሪ ጋይጋክስ ከሆንግ ኮንግ የመጡ እንዲህ ያሉ ቅጥ የለሽ የፕላስቲክ እንስሳትን ገዝቶ በጠረጴዛ ላይ ሲጫወትባቸው ቆየ፡፡ ኋላም ስም አውጥቶላቸው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ በተባለው ጨዋታው ውስጥ አስገባቸው፡፡ ብረት የሚያዝገው ጭራቅና የጉጉት ራስ ያለው ድብ የተወለዱት ከዚያው ከርካሹ ከረጢት ነው፡፡

የሙዚየም ማኅተም

ዳይኖሰርን በቅርጽ ሠርቶ መሸጥ አዲስ ሥራ አይደለም፡፡ እንግሊዛዊው ቀራጺ ቤንጃሚን ዋተርሐውስ ሐውኪንስ በ1854 ለንደን ክሪስታል ፓላስ መናፈሻ ውስጥ በተፈጥሮ መጠናቸው የሠራቸው ዳይኖሰሮች እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ፡፡ ሰውየው የእነዚህኑ ትንንሽ ቅጂዎች ለሽያጭ አቅርቦ ነበር፡፡ ኢጓኖዶን የተባለውን እንስሳ ሲቀርጽ በአፍንጫው ላይ ቀንድ አደረገለት፡፡ በ1878 ቤልጅየም ውስጥ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች ሙሉ አጥንቶች ሲያገኙ ቀንድ የተባለው የአውራ ጣት ሹል አጥንት ሆኖ ተገኘ፡፡ በዚህ ገበያ አዲስ ግኝት ያስረጀው የመጀመሪያው ሸቀጥ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡

ሙዚየሞች ማኅተማቸውን ለንግድ ማዋል የጀመሩት ግን ከዚያ ብዙ ዘግይተው ነው፡፡ በ1974 ኢንቪክታ የተባለው የእንግሊዝ ፕላስቲክ ኩባንያ ከለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጋር ተስማምቶ ባለ አንድ ቀለም ዳይኖሰሮችን ማምረት ጀመረ፡፡ ኢንቪክታ ማስተርማይንድ የተባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ ያወጣው ድርጅት ነው፡፡ በ1988 ደግሞ የፍሎሪዳው ሳፋሪ ኩባንያ ከፒትስበርጉ ካርኔጊ ሙዚየም ጋር ሆኖ የካርኔጊ ስብስብ የተባለውን አወጣ፡፡ አብዛኛው በ1 ለ40 ስኬል የተሠራ ስለነበረ ሰብሳቢው አንዱን እንስሳ ከሌላው አጠገብ አቁሞ እውነተኛ የመጠን ልዩነታቸውን ማየት ቻለ፡፡ በ1990ዎቹ ባታት የተባለው ኩባንያ በቦስተን የሳይንስ ሙዚየም ስም ያወጣቸውም ነበሩ፡፡ እነዚህ በገበያ ላይ ብዙም ሳይቆዩ ቢጠፉም ለቅርጻቸው ትክክለኛነት ሲባል ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ ይፈልጓቸዋል፡፡

የውሉ ጥቅም ለሁለቱም ወገን ግልጽ ነው፡፡ ሙዚየሙ ገቢ ያገኛል፤ አምራቹ ባለሙያ ያየው ዕቃ መሆኑን በሆዱ ላይ አትሞ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፡፡ የካርኔጊ ስብስብ በ2015 ተቋረጠ፡፡ ኢንቪክታም ከገበያ ከወጣ ቆይቷል፡፡ ሁለቱም አሁን የሚገኙት ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፈው ገበያ ነው፡፡ በዚያ ገበያ የሚፈለገው ቀለሙ ያልተላጠ፣ ቢቻል የስም ካርዱ ያልጠፋበት ነው፡፡

በዚህ ንግድ ውስጥ ሌላ እንግዳ ነገር አለ፡፡ ቲራኖሶረስ ሬክስ የማንም ንብረት አይደለም፡፡ አንበሳን ቀርጾ ለመሸጥ የማንም ፈቃድ እንደማያስፈልግ ሁሉ ለዚህም አያስፈልግም፡፡ የፊልሙ ቲራኖሶረስ ግን ባለቤት አለው፡፡ በ1993 ጁራሲክ ፓርክ ሲወጣ መጫወቻዎቹን የሠራው ኬነር የፊልሙን ምልክት በእንስሳቱ ገላ ላይ አትሞ ነበር የሸጠው፡፡ ከ2018 ወዲህ ፈቃዱ በማቴል እጅ ነው፡፡ ፊልሙ ለገበያው ያደረገውን የሚክድ የለም፤ ዕውቀቱን ግን ጎድቶታል፡፡ በፊልሙ ሰው የሚያህለው ቬሎሲራፕተር በእውነቱ 15 ኪሎ ገደማ የሚመዝን እንስሳ ነበር፡፡ ላባ እንደነበረውም በ2007 ከክንዱ አጥንት ላይ የላባ መትከያ እብጠቶች ተገኝተው ተረጋግጧል፡፡ ያም ሆኖ የፊልሙ መልክ ስለሚሸጥ ላባ የሌለው ቬሎሲራፕተር ዛሬም ከፋብሪካ ይወጣል፡፡

አፍሪካዊው ስፒኖሶረስ

ሳይንስ ሸቀጡን እንዴት እንደሚያስረጅ ለማየት ስፒኖሶረስን የመሰለ ምሳሌ የለም፡፡ የመጀመሪያዎቹ አጥንቶች በ1912 በግብፅ በረሃ፣ ባሐሪያ በተባለ ቦታ ለጀርመናዊው ኤርንስት ስትሮመር ተቆፈሩ፡፡ በ1915 ስም ወጣለት፡፡ አጥንቶቹ ሙኒክ ሙዚየም ተቀምጠው ሳለ በሚያዝያ 1944 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ነደው ጠፉ፡፡ የቀሩት ሥዕሎቹና ጥቂት ፎቶግራፎች ብቻ ነበሩ፡፡ ስለዚህ አምራቾች ለአሥርት ዓመታት የሸጡት ስፒኖሶረስ ከሌላ ሥጋ በል ዳይኖሰር ገላ ላይ ሸራ የተለጠፈበት ነበር፡፡ በ2001 የወጣው ሦስተኛው ጁራሲክ ፓርክ ረጅም እግር ሰጥቶ ከቲራኖሶረስ ጋር ሲያታግለው ሽያጩ ደመቀ፡፡

በ2014 ኒዛር ኢብራሂም የተባለ የሞሮኮ ዝርያ ያለው ጀርመናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሞሮኮ ውስጥ የተገኘ አዲስ አጽም ይዘው ብቅ አሉ፡፡ የኋላ እግሮቹ አጭር ናቸው፣ እንስሳው ውኃ ውስጥ ይውል ነበር አሉ፡፡ በመደርደሪያ ላይ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ አሮጌ ሆነ፤ አምራቾችም እግሩን አሳጥረው አወጡ፡፡ በ2020 ይኸው ቡድን ጅራቱን አግኝቶ እንደ መቅዘፊያ ሰፊ መሆኑን አስታወቀ፡፡ ቀጭን ጅራት ያለው የ2014 ሞዴል ስድስት ዓመት ብቻ ቆይቶ አለፈበት፡፡ በ2022 ደግሞ በፖል ሴሬኖ የተመራ ሌላ ቡድን፣ ይህ እንስሳ በውኃ ዳር የሚያድን እንጂ ጠልቆ የሚዋኝ አይደለም ብሎ ተከራከረ፡፡ ክርክሩ በቀጠለ ቁጥር ሰብሳቢው ይገዛል፡፡ አንዳንዱ አሮጌውን አይጥልም፤ ሁሉንም በዓመታቸው ደርድሮ የአንድን እንስሳ የዕውቀት ታሪክ በመደርደሪያው ላይ ያነባል፡፡ በእኔ አስተያየት ከዚህ የተሻለ የመሰብሰቢያ ዘዴ የለም፤ ወጪውም አንዱን ዓይነት ብቻ ስለሚከተል የተወሰነ ነው፡፡

ከአፍሪካ የሄደው ስፒኖሶረስ ብቻ አይደለም፡፡ አንገተ ረጅሙ ብራኪዮሶረስ የሚል ስም ተለጥፎበት በዓለም ዙሪያ የሚሸጠው መጫወቻ፣ በግንባሩ ላይ ጉልላት የመሰለ ከፍታ ካለው በአብዛኛው የተቀረጸው ከአሜሪካው አጥንት አይደለም፡፡ ምንጩ በ1909 እና በ1913 መካከል ጀርመኖች ከዛሬይቱ ታንዛኒያ፣ ከቴንዳጉሩ ኮረብታ ያስቆፈሩት ነው፡፡ የአገሩ ሰዎች ቆፍረው፣ በራሳቸው ተሸክመው፣ ሊንዲ ወደብ አድርሰው ከ200 ቶን በላይ አጥንት ወደ በርሊን ተጫነ፡፡ በ1937 የቆመው 13 ሜትር የሚረዝም አጽም እስከ ዛሬ የበርሊኑ ሙዚየም ትልቁ መስህብ ነው፡፡ ሊቃውንቱ አሁን ጂራፋታይታን በሚል በተለየ ስም ይጠሩታል፤ የመጫወቻ ነጋዴው ግን የለመደውን ስም አልለቀቀም፡፡

ሲገዙ ምን ይታይ?

ዕቃውን ገልብጦ ሆዱን ማየት የመጀመሪያው ሥራ ነው፡፡ ደህና አምራች የእንስሳውን ስም፣ የራሱን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ያትማል፡፡ ምንም ያልታተመበትን የልጅ መጫወቻ ነው ብሎ በዚያው ዋጋ መግዛት ይሻላል፡፡ ቀጥሎ ጅራቱ ይታያል፡፡ መሬት ለመሬት የሚጎተት ጅራት ያለው፣ እንደ ካንጋሮ ቀጥ ብሎ የቆመ ሥጋ በል ከ1970ዎቹ በፊት የነበረ አስተሳሰብ ነው፡፡ ከዚያ እጁ፡፡ የሥጋ በሎቹ መዳፍ እርስ በርሱ የሚተያይ፣ ለማጨብጨብ የተዘጋጀ ያህል መሆን አለበት፤ ወደ መሬት የዞረ ከሆነ ቀራጺው አጥንቱን አላየም ማለት ነው፡፡ ስለ ቀለሙ ግን ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፡፡ ቀለማቸው በከፊል እንኳ የታወቀላቸው ዳይኖሰሮች ጥቂት ናቸው፡፡ ከነዚህ አንዱ በ1996 ከነላባው ቻይና ውስጥ የተገኘው ሲኖሶሮፕተሪክስ ሲሆን፣ ጅራቱ ዳማና ነጭ ቀለበት ያለው እንደነበር በ2010 ታውቋል፡፡ የቀሩት የቀራጺው ምርጫ ናቸው፡፡

መጽሐፍን በተመለከተ ያገለገለ መጽሐፍ ርካሽ የሆነበት ምክንያት እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል፡፡ የግሪጎሪ ፖል የዳይኖሰር መመሪያ በ2010፣ በ2016 እና በ2024 ሦስት ጊዜ እየታደሰ ታትሟል፤ የመጀመሪያውን በርካሽ ያገኘ ሰው ሥዕሎቹን ይደሰትባቸዋል እንጂ እንደ መጨረሻ ቃል አይወስዳቸውም፡፡ ለማንበብ ደስ የሚል ትረካ የሚፈልግ በ2018 የወጣውን የስቲቭ ብሩሳቴን የዳይኖሰሮች መነሣትና መውደቅ ይያዝ፡፡ ሥዕል ለሚወድ ደግሞ በ2012 የታተመው ኦል የስተርደይስ አለ፤ ሠዓሊዎች አጥንት ላይ ቆዳ ብቻ ከመለጠፍ አልፈው ስቡን፣ ላባውንና ጠባዩን እንዲያስቡ የገፋፋ መጽሐፍ ነው፡፡ በጀቱ ለአንድ ነገር ብቻ ለሚበቃ ሰው ከአምስት ሞዴል አንድ መጽሐፍ ይበልጥበታል፡፡ ሞዴል የሚመርጥበትን ዓይን የሚሰጠው መጽሐፉ ነውና፡፡

እውነተኛው አጥንት

ብዙ ሰብሳቢ አንድ ቀን እውነተኛ ነገር መንካት ይፈልጋል፡፡ በዚህ ገበያ በርካሽ የሚገኘው የሞሮኮው የስፒኖሶረስ ጥርስ ነው፡፡ ዳይኖሰሮች ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥርስ ይቀያይሩ ስለነበር ጥርሱ ብዙ ነው፡፡ በአንድ የሞሮኮ ጥንታዊ የወንዝ ደለል ውስጥ በተደረገና በ2021 ገደማ በታተመ ቆጠራ ከ1,200 በላይ ጥርሶች ተለቅመው ግማሽ የሚጠጋው የስፒኖሶረስ ሆኖ ተገኝቷል፡፡ በደቡብ ምሥራቅ ሞሮኮ ኤርፉድና ሪሳኒ አካባቢ ይህን እየቆፈሩ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች አሉ፡፡

ችግሩ ያለው ጥገናው ላይ ነው፡፡ የሁለት ጥርስ ስብራት በሙጫ ተጣብቆ አንድ ረጅም ጥርስ ይሆናል፡፡ የጎደለው ሥር በአሸዋና በሙጫ ተለውሶ ይሞላል፡፡ የተስተካከለው ክፍል ከጥርሱ ልስላሴ ጋር ድንገት የሚለያይ፣ አሸዋ አሸዋ የሚል ይሆናል፤ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይም ሙጫው ብዙ ጊዜ ለየት ብሎ ያበራል፡፡ መንጋጋ ላይ ተደርድረው በድንጋይ ውስጥ ተቀርቅረው የሚሸጡ ጥርሶች ይበልጥ ያጠራጥራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ድንጋዩም የተለወሰ ነው፤ ጥርሶቹም ሞሳሶር የተባለው የባሕር እንስሳ እንጂ የዳይኖሰር አይደሉም፡፡ ሻጩን መጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ስለ ሙጫ አይደለም፤ ከየት ቦታ፣ ከየትኛው ንብርብር ወጣ የሚለው ነው፡፡ ይህን መመለስ የማይችል ሻጭ የያዘው ውብ ድንጋይ ነው፡፡

በገበያው አናት ላይ ያለው ሐራጅ ነው፡፡ ሱ የተባለችው ቲራኖሶረስ በ1990 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ተገኝታ፣ በባለቤትነት ክርክር የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ ከያዛት በኋላ፣ በ1997 በ8.36 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች፡፡ የገዛት የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ሲሆን ማክዶናልድስና ዲዝኒ ረድተውታል፡፡ ስታን የተባለው ቲራኖሶረስ በ2020 31.8 ሚሊዮን ዶላር፣ አፔክስ የተባለው ስቴጎሶረስ በ2024 44.6 ሚሊዮን ዶላር አወጡ፡፡ እንዲህ ባለ ዋጋ አብዛኛው ሙዚየም አይወዳደርም፡፡ ቶማስ ካር የተባለው ተመራማሪ በ2025 ባወጣው ቆጠራ ለጥናት የሚረቡ የቲራኖሶረስ ሬክስ አጽሞች በሕዝብ ተቋማት እጅ 61፣ በግለሰቦችና በነጋዴዎች እጅ 71 ሆነው ተገኝተዋል፡፡ ነገሩ ሀብታሞችንና ፕሮፌሰሮችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ተሳስቷል፡፡ ተመራማሪዎች በአብዛኛው የሚጽፉት በሕዝብ ተቋም ስለተቀመጠ አጥንት ነው፤ ሌላው ሰው ሄዶ ሊያመሳክረው ይችላልና፡፡ በግል ሳሎን የገባ አጥንት ጥናት አይወጣበትም፣ መጽሐፍ አያድስም፣ አዲስ ሞዴልም አያስገኝም፡፡ በትንሽ ገንዘብ ፕላስቲክ የሚሰበስበው ሰው ሳይቀር ተጎጂ ነው፡፡

ሐራጁ ሕገወጥ ሆኖ የተገኘበት ጊዜም አለ፡፡ ሞንጎሊያ ቅሪተ አካሏ ከአገር እንዳይወጣ ብትከለክልም፣ በ2012 አንድ የታርቦሶረስ አጽም ኒውዮርክ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጫረተ፡፡ የአሜሪካ መንግሥት ይዞ በ2013 መለሰላት፡፡ የፊልም ተዋናዩ ኒኮላስ ኬጅም በ2007 በ276,000 ዶላር የገዛውን የዚሁ ዓይነት እንስሳ ራስ ቅል፣ የተሰረቀ መሆኑ ሲነገረው በ2015 ለመመለስ ተስማምቷል፡፡

ከአጥንት ይልቅ ዕውቀቱ እንደሚሸጥ የሚያሳየው ግን ስታን ነው፡፡ አጽሙን ያወጣው ድርጅት አጥንቱ ሲሸጥ ቅጂ እየሠራ የመሸጥ መብቱን አስቀርቷል፡፡ ስለዚህ የስታን ቅጂዎች በብዙ አገር ሙዚየሞች ቆመዋል፡፡ አጥንቱ ራሱ አሁን አቡዳቢ ነው፤ በኅዳር 2025 በሳዲያት ደሴት በተከፈተው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይታያል፡፡ ኤምሬቶች ያሉ ወገኖቻችን በእረፍት ቀናቸው ሊያዩት ይችላሉ፡፡ ዋሽንግተን አካባቢ ላለው ደግሞ የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በ2019 የታደሰው የቅሪተ አካል አዳራሽ አለ፤ መግቢያው በነፃ ነው፡፡

አዲስ አበባ ያለ ወላጅ ልጁን ብሔራዊ ሙዚየም ሲወስድ ብዙ ጊዜ ድንቅነሽ ከዳይኖሰር ጋር ትኖር ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል፡፡ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ በመካከላቸው ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ አለ፡፡ ኢትዮጵያ የራሷ ዳይኖሰር አላት ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ግን መልሱ አዎን ነው፡፡ በሰሜን ምዕራቡ ደጋማ ክፍል፣ ሊቃውንት በሙገር ስም በሚጠሩት የጭቃ ድንጋይ ንብርብር ውስጥ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋቸው የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተው በ1999 እና በ2011 በታተሙ ጥናቶች ተገልጸዋል፡፡ ዘመናቸው ከቴንዳጉሩ አጥንቶች ጋር ተቀራራቢ ነው፡፡ ጥርስ ብቻ በመሆናቸው ሙሉ ቅርጽ ሊወጣላቸው ስላልቻለ፣ እስካሁን በመጫወቻ መልክ የሠራቸው የለም፡፡